ቁርጭምጭሚት ሞተር ነው ወይስ ሞላ? የ340 ዓመት ክርክር

የ100 ሜትር ሯጭ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ አንድ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ከሰውነቱ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ የሚሆን ጉልበት ከመሬት ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው ደግሞ በአንዲት ትንሽ መገጣጠሚያ በኩል ነው፤ በቁርጭምጭሚት።

ታዲያ ይህች መገጣጠሚያ ምን ዓይነት ብትሆን ነው ሯጩን የምታፈጥነው? ሜዳ ላይ ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ "ጠንካራ መሆን አለባት፣ ባትህን አጠንክር" ይላል። ሌላው "መተጣጠፍ አለባት፣ በደንብ አሳስብ" ይላል። ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ፤ ግን እርስ በርስ የሚጣሉም ይመስላሉ። እኔ የሠለጠንኩት በምህንድስና ስለሆነ ነገሩን የማየው በጋራዥ ዓይን ነው። የአይሱዙ ባሌስትራ ጠንካራ ነው ወይስ ተጣጣፊ? ሁለቱንም ነው። ጥያቄው "ስንት ኩንታል ሲጫንበት ስንት ሴንቲ ሜትር ይጎብጣል?" መሆን አለበት። ስለ ቁርጭምጭሚት ይህን ጥያቄ በትክክል ለመጠየቅ የሰው ልጅ ከ300 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ጥያቄው በመጨረሻ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ የአንድ ሰው የመሮጥ መብትም በመልሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ታሪኩ እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዲጂኖ ተጀመረ

ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ የጋሊሊዮን መንገድ ከተከተሉት ምሁራን አንዱ ነበር። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው ትልቅ ሥራ መታተም የጀመረው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1680 ነው። ቦሬሊ ያደረገው ነገር ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ አጥንትን እንደ መፈንቀያ፣ መገጣጠሚያን እንደ መደገፊያ ነጥብ፣ ጡንቻን እንደ ገመድ ቆጠረና ሒሳቡን ሠራ።

ውጤቱ ግን በጊዜው የነበረውን ግምት የሚገለብጥ ነበር። ሰዎች ጡንቻ በትንሽ ጉልበት ትልቅ ሸክም እንደሚያነሳ ያስቡ ነበር፤ ልክ በዲጂኖ ትልቅ ድንጋይ እንደምንፈነቅለው ማለት ነው። ቦሬሊ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አሳየ። ጡንቻዎች የሚጎትቱት ለመገጣጠሚያው በጣም ቀርበው ስለሆነ፣ ከሚያነሱት ሸክም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ማውጣት አለባቸው።

ቁርጭምጭሚትን ብቻ ነጥላችሁ እዩት። በእግር ጣታችሁ ስትቆሙ መሬቱ የሚገፋችሁ ከጣቶቹ ሥር ነው፤ የተረከዝ ጅማት የሚጎትተው ግን ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የፊቱ ክንድ ረጅም፣ የኋላው አጭር። ስለዚህ ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት መሬቱ ከሚገፋን በብዙ ይበልጣል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሩጫ ሲለካ

ከቦሬሊ በኋላ ለረጅም ጊዜ ችግሩ መለኪያ ማጣት ነበር። የሚሮጥን እግር ዓይን አይከተለውም። ፈረንሳዊው ፊዚዮሎጂስት ኤቲየን ዡል ማሬ በ1870ዎቹ መፍትሔ አበጀ። የጫማው ሶል ውስጥ በአየር የተሞላ ክፍተት አደረገ፤ እግር መሬት ሲረግጥ አየሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ ሄዶ ሯጩ በእጁ በያዘው መመዝገቢያ ላይ መስመር ያሰምራል። በዚህ መንገድ እግር መሬት የሚነካበትና የሚለቅበት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ታየ። በ1880ዎቹ ደግሞ ማሬ በአንድ የፎቶ ሰሌዳ ላይ የእንቅስቃሴን ተከታታይ ምስሎች ማንሳት ቻለ።

በዚያው ዘመን ሯጮች ራሳቸው በሜዳ ላይ የቁርጭምጭሚት ሙከራ ያደርጉ ነበር፤ ሳይንስ ብለው ባይጠሩትም። በ1888 አሜሪካዊው ቻርልስ ሸሪል ቆሞ ከመነሳት ይልቅ አጎንብሶ፣ ጣቶቹን መሬት ላይ አሳርፎ ተነሳ። በ1896 በአቴንስ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ያሸነፈው ቶማስ በርክም በዚሁ አነሳስ ነበር የሮጠው። አጎንብሶ የሚነሳ ሰው ግን እግሩ የሚገፋው ግድግዳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሯጮች መካሪያ ይዘው እየመጡ ትራኩ ላይ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ጄሲ ኦወንስ በ1936 በበርሊን አራት የወርቅ ሜዳሊያ ሲወስድ እንኳ የተነሳው ከቆፈረው ጉድጓድ ነው።

የመነሻ ብሎክ ሲመጣ ደግሞ ጭቅጭቅ አስነሳ። በ1929 ጆርጅ ሲምፕሰን 100 ያርድን በ9.4 ሰከንድ ሮጠ፤ ብሎክ ተጠቅሟል ተብሎ ክብረ ወሰኑ ሳይጸድቅለት ቀረ። ብሎክ በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር የተፈቀደው በ1937 ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ የታየው በ1948 በለንደን። ክርክሩን ልብ በሉ፤ "መሣሪያው ነው የሮጠው ወይስ ሰውየው?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከ60 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሞተሩ ብቻ አይበቃም

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የሳይንቲስቶቹ ትኩረት ጡንቻ ላይ ሆነ። የ1922 የኖቤል ሽልማት ተሸላሚው እንግሊዛዊ አርቺባልድ ሂል በ1927 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሯጮችን ማግኔት አስታጠቀና በመሮጫው ዳር በየርቀቱ በተተከሉ የሽቦ ጥቅልሎች አጠገብ አስሮጣቸው። ሯጩ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይሰላል። የሂል ሐሳብ የሯጭን ፍጥነት የሚገድበው ጡንቻው ውስጥ ያለ፣ እንደ ወፍራም ዘይት የሚያዘገይ ባሕርይ ነው የሚል ነበር። አሜሪካዊው ዋላስ ፌን በ1930 የሯጮችን ፊልም አንድ በአንድ ተንትኖ ሥራውን አሰላ፤ የዘይቱ ሐሳብ ብቻውን ነገሩን እንደማያስረዳ አሳየ። ሂል ራሱም በ1938 የተሻለ ሕግ አወጣ፤ ጡንቻ ባጠረ ፍጥነት ልክ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ሲያጥር ብዙ ይጎትታል፤ ቶሎ ሲያጥር ትንሽ።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የባት ጡንቻ ተሳስቦ፣ እንደገና አጥሮ፣ ያን ሁሉ ጉልበት እንዴት ያወጣል? በሂል ሕግ መሠረት እንዲያ በፍጥነት ካጠረ መድከም ነበረበት።

መልሱ የመጣው ከሚላኖ ነው። ጆቫኒ ካቫኛ ከሮዶልፎ ማርጋሪያና ከሳይቤነ ጋር በ1964 ባሳተመው ሥራ ቀላል የሒሳብ ሚዛን ሠራ። ጡንቻ ከምግብ የሚያገኘውን ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ 25 በመቶ ያህሉን ነው። ሯጭ የሚሠራውን መካኒካዊ ሥራ ለክተው ከሚያቃጥለው ኢነርጂ ጋር ሲያነጻጽሩት ግን ከ40 እስከ 50 በመቶ ወጣ። ሞተሩ ከሚችለው በላይ የሆነ ሥራ ከየት መጣ? በእያንዳንዱ እርምጃ የተከማቸ ኢነርጂ ተመልሶ እየወጣ መሆን አለበት። ማለትም የሆነ ቦታ ሞላ አለ።

ሞላው የት እንዳለ በግልጽ ያሳየው በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የማክኒል አሌክሳንደር ቡድን ነው። በ1987 በወጣው ጽሑፋቸው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰከንድ 4.5 ሜትር ሲሮጥ በአንድ እርምጃ ገብቶ መውጣት ካለበት 100 ጁል ገደማ ኢነርጂ ውስጥ 35 ጁሉን የተረከዝ ጅማት፣ 17 ጁሉን ደግሞ የውስጥ እግር ቅስት ጅማቶች ያከማቻሉ ብለው አሰሉ። ግማሹ ማለት ነው! ጅማት ካከማቸው ኢነርጂ የሚያባክነው ደግሞ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከብዙ ጎማ የተሻለ ሞላ ነው።

ነገሩን ከዚህ ብንነሳ "ጥንካሬ ወይስ መተጣጠፍ" የሚለው ጥል ይፈታል። ጅማቱ ሞላ ነው፤ የባት ጡንቻ ደግሞ የሞላውን ጫፍ የያዘ እጅ ነው። እግር መሬት ሲመታ ጡንቻው ጠንክሮ ጫፉን ከያዘ የሚለጠጠው ጅማቱ ነው፤ ኢነርጂው ይከማቻል፤ ይመለሳል። ጡንቻው ካቃተውና ከለቀቀ ግን ጅማቱ ሳይለጠጥ ይቀራል፤ ተረከዙ ይወድቃል፤ ኢነርጂው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ የባት ጥንካሬ ዋና ሥራው መግፋት ብቻ ሳይሆን አለመሸነፍም ነው። በካናዳ ካልጋሪ ዳረን ስቴፋኒሺንና ቤኖ ኒግ በ1998 እንዳሳዩትም፣ ሰው በዝግታ ከሚሮጥበት ይልቅ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ይበልጥ ግትር ይሆናል።

በ2000 ፒተር ዌያንድና ባልደረቦቹ 33 ሯጮችን ለክተው ያገኙት ውጤትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ብዙ ሰው ፈጣን ሯጭ እግሩን በአየር ላይ ቶሎ ቶሎ ስለሚያወራጭ ይመስለዋል። በከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ ሲለኩ ግን ፈጣኑም ዘገምተኛውም እግራቸውን ከኋላ ወደ ፊት ለመመለስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ተቀራራቢ ሆነ። ልዩነቱ መሬት ላይ ነበር፤ ፈጣኖቹ መሬቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ በበለጠ ጉልበት ይገፉታል።

ያልተጠበቀው ተረከዝ

አሁን ወደ ቦሬሊ መፈንቀያ እንመለስ። ፈጣን ሯጭ የተሻለ መፈንቀያ ይኖረዋል ብላችሁ ትገምታላችሁ አይደል? ተረከዙ ወደ ኋላ ረዘም ያለ፣ ባቱ በቀላሉ የሚገፋ። በ2009 በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳብሪና ሊና ስቴፈን ፒያዛ ለክተው ተቃራኒውን አገኙ። የአጭር ርቀት ሯጮች የተረከዝ ጅማት ክንድ ሯጭ ካልሆኑት በ25 በመቶ ያጠረ ነበር። የእግር ጣታቸው አጥንቶች ደግሞ ረዘም ያሉ ነበሩ።

የባሰ መፈንቀያ ያለው ሰው እንዴት ይፈጥናል? መልሱ የሂል የ1938 ሕግ ውስጥ ነው። ክንዱ አጭር ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ በተወሰነ ማዕዘን ሲዞር ጡንቻው የሚያጥረው በትንሹ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚያጥር ደግሞ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ማርሽ እንደመለወጥ ቁጠሩት። ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ ይጎትታል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን አንደኛ ማርሽ ይዞ የሚሄድ የለም። በአጭር ክንድ ምክንያት የሚጠፋው ትርፍ በጡንቻው ጉልበት ይካሳል።

የእግር ጣትም የራሱ ታሪክ አለው። ስቴፋኒሺንና ኒግ በ1997 እንደለኩት፣ በሙሉ ፍጥነት ሩጫ በጣቶቹ ሥር ያለው መገጣጠሚያ በአንድ እርምጃ ወደ 48 ጁል ኢነርጂ ይውጣል፤ መልሶ የሚሰጠው ግን እዚህ ግባ አይባልም፤ ምክንያቱም እግሩ መሬት ሲለቅ ጣቶቹ ገና እንደታጠፉ ናቸው። የስፓይክ ጫማ ሶል ግትር እንዲሆን የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ማሳሳብ

ታዲያ መተጣጠፍ ዋጋ የለውም? አለው፤ ግን ቦታና ጊዜ አለው። በ1992 ቤልጂየማውያን ተመራማሪዎች ሯጮችን የፊት ብሎካቸውን ማዕዘን በ70፣ በ50 እና በ30 ዲግሪ እየለዋወጡ አስነሷቸው። ብሎኩ ጋደም ባለ ቁጥር ሯጩ በበለጠ ፍጥነት ተነሳ፤ የሚገፋበት ጊዜ ግን አልረዘመም። ለምን? ብሎኩ ሲጋደም ቁርጭምጭሚቱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ የባቱ ጡንቻ አስቀድሞ ስለሚለጠጥ ሲገፋ ይበረታል። እንዲህ ለመቀመጥ ግን ቁርጭምጭሚትህ ወደዚያ መታጠፍ መቻል አለበት። ስለዚህ መነሻ ላይ የመታጠፍ ስፋት ይጠቅማል።

በሌላ በኩል ለረጅም ዘመን ከውድድር በፊት ጡንቻን ወጥሮ ይዞ መቆየት ግዴታ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2005 አርኖልድ ኔልሰንና ባልደረቦቹ ሯጮች እንዲህ አሳስበው ወዲያው 20 ሜትር ሲሮጡ ሰዓታቸው በ0.04 ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አሳዩ። ትንሽ ትመስላለች። በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው ግን በ0.09 ሰከንድ ነው! ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ወርቁን የወሰነው የመጨረሻዋ ሩጫ ነበረች። ስለ አጭር ርቀት ስናወራ የሌላ አገር ጉዳይ ለሚመስለን ሰዎች ይህ ማስታወሻ ይሁን።

ሞላው ፍርድ ቤት ቀረበ

ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበቱ በታች የተቆረጡት የ11 ወር ሕፃን ሳለ ነው። የሚሮጠው ከካርቦን ፋይበር በተሠሩ፣ የጎበጠ ባሌስትራ በሚመስሉ እግሮች ነበር። በ2007 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ሞላ ያለው መሣሪያ የሚከለክል ደንብ አወጣና በኮሎኝ ጌርት ፒተር ብሩገማን እንዲለካው አደረገ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር፤ ካርቦኑ ከተቀበለው ኢነርጂ የሚያባክነው 9.3 በመቶ ሲሆን የጤነኛ ሯጮች ቁርጭምጭሚት ግን 41.4 በመቶ ያባክናል ተባለ። በጥር 2008 ፒስቶሪየስ ከጤነኞች ጋር እንዳይሮጥ ታገደ።

ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ሞላ ብቻ ነው፤ ሞተር የለውም። ከሰጠኸው በላይ መቼም አይመልስም። የሰው ቁርጭምጭሚት ደግሞ ከጀርባው የባት ጡንቻ አለው፤ የራሱን ኢነርጂ ይጨምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ግትርነቱን ይለውጣል። መነሻ ላይ፣ ሞላው ገና ምንም ባልተጫነበት ጊዜ፣ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም በግንቦት 2008 ያለው ይህንኑ ነው፤ ፈተናው የታየው ቀጥ ባለ መስመር በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ብቻ ነው፤ መነሻውና መፍጠኛው አልተመዘነም፤ ስለዚህ በጠቅላላ ብልጫ እንዳለው አልተረጋገጠም። እገዳው ተነሳ። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ፒስቶሪየስ በ400 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት በፈጸመው ግድያ ስሙ ከሌላ ታሪክ ጋር ተያይዟል፤ የሳይንሱ ጥያቄ ግን ከእሱ ጋር አልተዘጋም።

እንዲያውም ለእሱ ማስረጃ የለኩት ሳይንቲስቶች ራሳቸው ተከፋፈሉ። ዌያንድ ሰው ሠራሹ እግር ቀላል ስለሆነ ሯጩ ከማንም ሰው ፈጥኖ እግሩን ይመልሳል፣ በ400 ሜትር ከ10 ሰከንድ በላይ ይጠቅመዋል አለ። አብረውት የለኩት ሂዩ ኸርና ሮጀር ክራም ደግሞ አይደለም፣ መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ስለሚያንስ ነው እግሩን ቶሎ ለመመለስ የሚገደደው አሉ። ኸር እራሱ ሁለት እግሩን በተራራ ላይ ብርድ ያጣ የኤምአይቲ መሐንዲስ ነው። መረጃው አንድ ነው፤ ትርጉሙ ሁለት ሆነ። በ2020 አሜሪካዊው ብሌክ ሊፐር ተመሳሳይ ክርክር ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ብልጫ እንደሌለው የማስረዳት ሸክም በአትሌቱ ላይ መጣሉ ሕገወጥ ነው አለ፤ ነገር ግን እግሮቹ ከተፈጥሮው በላይ ቁመት ሰጥተውታል ብሎ ከለከለው። ቁርጭምጭሚቱ ቀርቶ ሙግቱ ወደ ቁመት ዞረ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። "ቁርጭምጭሚት ይህን ያህል በመቶ ያባክናል" የሚል ቁጥር ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን "መቼ? በየትኛው የሩጫ ክፍል?" ብለን ነው። መነሻ ላይ ቁርጭምጭሚት ሞተር ነው፤ በስፋት መታጠፍና መግፋት አለበት። በሙሉ ፍጥነት ላይ ሞላ ነው፤ ጠንክሮ መያዝ አለበት። አንዱን ለክቶ ስለ ሌላው መፍረድ አንድን ሰው ከሜዳ አስወጥቶ ነበር።

ለሚያሠለጥኑም ምክሩ ከዚሁ ይወጣል። የመታጠፍ ስፋትን በልምምድ ቀናት ሥሩበት፤ ውድድር ሊጀመር ሲል ወጥሮ መያዙን ትታችሁ በእንቅስቃሴ አፍታቱ። ባትን አጠንክሩ፣ በአንድ እግር መዝለልን ጨምሩ፤ ግን ቀስ በቀስ። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይበረታል፤ ጅማት ግን ለመላመድ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ ቀድሞ ሲጠነክርና ሞላው ሲቀር የሚበጠሰው ሞላው ነው።